ለፔንታክስ ኬ1000 የሚሆን ብሎን ከየት ይገኛል?

ጤና ይስጥልኝ። ያገለገለ ፔንታክስ ኬ1000 የፊልም ካሜራ ገዝቼ ነበር። ፎቶ ሲነሳ ለብርሃን የሚከፈተው መዝጊያ (ሻተሩ) ደህና ነው፤ መከራዬ የታችኛው ክዳን ነው። ሁለቱ ብሎኖች የሉም፤ የቀረውም አናቱ ተበልቷል። አንድ ሰው በተራ ባለመስቀል ካቻቢቴ ሲታገለው እንደነበር ያስታውቃል፤ የጃፓን ብሎን ግን የራሱን ካቻቢቴ ይፈልጋል። በካሊፐር ስለካው ውፍረቱ 1.7 ሚሊሜትር ግድም ነው። መነጽር ቤት የሰጡኝ ቀጭን ስለሆነ ይሽከረከራል እንጂ አይነክስም። ሰዓት ሠሪው የፈለገልኝ ጥርሱ ገጠመ፤ ነገር ግን ረጅም በመሆኑ ፊልም የሚስበውን ማርሽ እንዳይነካ ፈርቼ አወጣሁት።

አዲስ አበባ ውስጥ የተበላሸ ካሜራ ለመለዋወጫ የሚሸጥ ታውቃላችሁ? ከአሮጌ የጃፓን ቴፕ የተፈታ ብሎንስ ይሆን ይሆን? ወይስ ረጅሙን በሞረድ ላሳጥረው? ሞክሮ ያየ ቢነግረኝ ውለታው ትልቅ ነው።