«ቅንብሩ ግሩም ነው» ሲባል ምን ማለት ነው?

የደባርቋ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አንድ ቃል እንቅልፍ ነስቶኛልና አግዙኝ።

ባለፈው መስከረም መጨረሻ ሰሜን ተራራ፣ ሳንቃበር አጠገብ ያነሳሁትን ፎቶ ለጥፌ ነበር። ገና ጎህ መቅደዱ ነው። ጭላዳ ዝንጀሮዎች የሚያድሩት ገደል ላይ ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ ነው ወደ ሜዳው የሚወጡት። አንዲት እናት ልጇን ጀርባዋ ላይ አዝላ ከአፋፉ ብቅ አለችና ቁጭ አለች። ሣሩን በጣቶቿ እየነጨች ትበላለች። ልጇ ፀጉሯን ጨምድዶ ይዟል። ከኋላዋ ጉሙ ሸለቆውን ሞልቶታል። እሷ ከፎቶው ቀኝ ጠርዝ ላይ ናት፤ የቀረው ሁሉ ነጭ ነው።

ሳነሳት እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ብርዱም አለ፤ ግን ብርዱ ብቻ አልነበረም። አዝላ ያሳደገችኝ አያቴ ካረፈች አርባዋ እንኳን አልወጣም ነበር።

አንድ ወንድም ከሥሩ «ቅንብሩ ግሩም ነው» ብሎ ጻፈ። ተቀየምኩት። «ምንም ያቀነባበርኩት ነገር የለም፣ ያየሁትን ነው ያነሳሁት» አልኩት። ለካ ማድነቁ ነበር። ለመሆኑ ቅንብር ምንድን ነው? ተራራና ጉም ማን ያቀናብራል?

ካሜራ ያዥ፦

እህቴ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስላስከፋሁሽ ይቅርታ። በእኛ ሥራ ቅንብር ማለት ፍሬሙ ውስጥ ምን የት እንደዋለ፣ ምን ገብቶ ምን እንደቀረ ነው። ለዚህ ሌላ ቃል ተጠቅሜ አላውቅም።

ፊደል ቆጣሪ፦

ልጄ፣ ነፍስ ይማር። ቅያሜው የመጣው ከቃሉ ነው እንጂ ከሰውየው አይደለም።

ሁለት የሚቀራረቡ ግሶች አሉን፤ አቀናበረ እና አቀነባበረ። «ሙዚቃ አቀናባሪ» ስንል እናከብራለን። «የተቀነባበረ ሴራ» ስንል እንከሳለን። «የተቀነባበረ ምግብ» ደግሞ ፋብሪካ ገብቶ የወጣ ነው። ፎቶም «ተቀነባብሯል» ከተባለ ኮምፒውተር ላይ ተነካክቷል፣ የሌለ ነገር ገብቶበታል ማለት ነው። እሱ የጻፈው የመጀመሪያውን ነው። አንቺ የሰማሽው ሁለተኛውን ነው።

የሁለቱም ሥር ግን አንድ ነው፤ ቀ-ነ-በ-ረ። ቀንበርም የዚሁ ቤተሰብ ነው። እስኪ ቀንበርን አስቢው። ገበሬ በሬ አይፈጥርም። በሬዎቹ በየራሳቸው አሉ። የእሱ ሥራ ጎን ለጎን አቁሞ አንድ እንጨት ጫንቃቸው ላይ ማዋል ነው። አንዱ በሬ ከበረታ ቀንበሩ ያጋድላል፤ ትልሙም ይጣመማል። አንቺም ጭላዳዋን አልፈጠርሻትም፤ ጉሙንም አልጠራሽውም። ግን ያቺን ትንሽ ፍጡር ከዚያ ሁሉ ነጭ ጋር አንድ ላይ ጠመድሻቸው። ፎቶውን ደጋግሜ አየሁት፤ አላጋደለም። ስለዚህ ቃሉን አልጥለውም። ለተፈጥሮ ፎቶ እንዲያውም ከሁሉ በላይ ይስማማዋል እላለሁ።

ስሜት የሚለውንም አብረን እንየው። ስሜት የመጣው ከሰማ ነው። አማርኛ ብርድን ይሰማል፣ ሕመምን ይሰማል፣ ደስታን ይሰማል። አንድን ፎቶ «ስሜት አለው» ስንል በዓይን የገባው ነገር ተሰማን ማለታችን ነው። እጅሽ ሲንቀጠቀጥ አንቺ እየሰማሽ ነበር።

ጓሳ፦

«አሰዳደር» ብንለውስ? ቅንብር ለእኔ የሙዚቃ ነው።

ፊደል ቆጣሪ፦

አሰዳደር ለቃላትና ለዓረፍተ ነገር ጥሩ ነው። ግን ሲሰደር ሁሉም ተራ ይይዛል። ፎቶ ውስጥ ተራ የለም፤ ሁሉም በአንዴ ነው የሚታየው።

ካሜራ ያዥ፦

ጋሼ፣ ቀንበሩን ወስጄዋለሁ፤ ነገ ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ። እኔም አንድ ቃል ላዋጣ።

«የአንድ ሦስተኛ ሕግ» የሚባል ነገር አለን። ፍሬሙን በቁመትም በአግድምም ሦስት ሦስት ቦታ ከፍለህ፣ ዋናውን ነገር መስመሮቹ የሚገናኙበት ላይ ታውለዋለህ። ስሙን ያወጣለት እንግሊዛዊው ሠዓሊ ጆን ቶማስ ስሚዝ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1797 ስለ ገጠር መልክዓ ምድር ሥዕል ሲጽፍ። ያኔ ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ ገና አልተፈጠረም። እኔ ግን ስሙን ስጠራው ልጆቹ ሒሳብ ይመስላቸውና ይደነግጣሉ። አሁን «ሲሶ» እላለሁ። «ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ» የሚለውን ከቤታቸው ሰምተውት ነው የሚመጡት። ሰማዩን ሲሶ ስጡት፣ ለምድሩ ሁለት ሲሶ ተዉለት ስላቸው ወዲያው ይገባቸዋል።

የእህቴ ጭላዳ ግን ከሲሶው አልፋ ጠርዝ ላይ ናት። ሲሶው ላይ ብትውል ኖሮ ያ ሁሉ ባዶ አይሰማንም ነበር።

ደግሞ «ያየሁትን ነው ያነሳሁት» ያልሽው ውስጤ ቀርቷል። አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ አንሴል አዳምስ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 10 ቀን 1927 አሜሪካ፣ ዮሴሚቲ ፓርክ ውስጥ ሀፍ ዶም የሚባለውን ግዙፍ ዐለት ሊያነሳ ወጣ። ዐለቱ ፊት ሲደርስ የቀሩት ፎቶ የሚቀረጽባቸው ሁለት የመስታወት ፕሌቶች ብቻ ነበሩ። በአንዱ፣ ሌንሱ ላይ ቢጫ ማጣሪያ (ባለ ቀለም መስታወት) አድርጎ አነሳ። ወዲያው ግን ዐለቱ እሱ ላይ ያሳደረውን ግርማ ፎቶው እንደማያሳይ ገባው። በመጨረሻው ፕሌት ላይ ቀይ ማጣሪያ አደረገ። በጥቁርና ነጭ ፎቶው ላይ ሰማዩ ጠቆረ፤ ዐለቱ ጎልቶ ወጣ። የዚያን ቀን ሰማይ ጥቁር አልነበረም። አዳምስ ያነሳው የተሰማውን ነው። ታዲያ ይሄን ምን እንበለው? አቀናበረ ወይስ አቀነባበረ?

ፊደል ቆጣሪ፦

አቀናበረ። የሌለ ነገር አላስገባም። ፎቶውን ሳያነሳው በፊት አይቶታል፤ እኛ «በዓይነ ልቡና ማየት» የምንለው ይሄንኑ ነው።

መልክዓ ምድር ያልከውም ደስ ይላል። መልክዕ ማለት መልክ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መልክዕ የሚባል ድርሰት አለ፤ ቅዱሱን ከራስ ፀጉሩ ጀምሮ እስከ እግሩ ድረስ «ሰላም» እያለ የሚያመሰግን። የምድርን መልክ የሚያነሳ ሰውም እንደዚያ ቀስ ብሎ ቢያያት ደስ ይለኛል።

የደባርቋ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ወንድሜ ካሜራ ያዥ፣ አንተንም ይቅርታ፤ ሳላጣራ ነው የተቆጣሁት።

ስታወሩ «አነሳ» የሚለውን እያሰብኩ ነበር። ፎቶ እናነሳለን። የወደቀ እናነሳለን። ክርስትና እናነሳለን። ክርስትና ያነሳ ሰው ለልጁ ኃላፊነት አለበት። ከዚህ በኋላ አንዲትን ጭላዳ ሳነሳ ይሄ ከሐሳቤ የሚጠፋ አይመስለኝም።

አንድ ቃል ብቻ ቀረኝ። ያንን ነጩን ምን እንበለው? «ባዶ» ስለው ምንም የሌለ ይመስላል። አለ እኮ!

ፊደል ቆጣሪ፦

ፋታ በይው። ለዓይን ፋታ።

የደባርቋ፦

ፋታ። አያቴ ከወንዝ ስንመለስ ዳገቱ አጋማሽ ላይ፣ እኔን እንዳዘለች ድንጋይ ላይ ትቀመጥ ነበር። «እስኪ ፋታ ልውሰድ» ትልና ቁልቁል ሸለቆውን ታያለች። እኔም ከትከሻዋ በላይ አብሬያት አያለሁ።

ፎቶውን አሁን በዚህ ስም መልሼ ለጥፌዋለሁ።