«ቁጥር ነው እንጂ ቡና አይደለም»

የይርጋጨፌ ልጅ፦
ትናንት ቀበሌያችን ስብሰባ ነበር። አንድ ባለሙያ ተነሥቶ «አሮጌውን ቡና ነቅላችሁ የተሻሻለውን ካልተከላችሁ ለድህነታችሁ ሌላ ሰው አትውቀሱ» አለን። አባቴ ባርኔጣውን ደፍቶ ወጣ። እኔ ግን ንዴቴ አልበርድ ስላለኝ እዚህ ልተንፍሰው። ይርጋጨፌን ዓለም ያወቀው ኩሩሜ፣ ወሊሾና ደጋ በሚባሉት በድሮዎቹ የቡና ዝርያዎቻችን ነው። በነሱ ፋንታ የሚሰጡን 74110፣ 74112 የሚባል ነገር ነው። ይሄ ቁጥር ነው እንጂ ቡና አይደለም። ምን ትላላችሁ?

ዲኤ ነበርኩ፦
እኔ የቀበሌ የግብርና ልማት ሠራተኛ፣ ዲኤ ነበርኩ። አነጋገሩ ነውር ነው። ነገሩ ግን እውነት አለው። የአገሪቱ አማካይ ምርት ለብዙ ዓመታት በሄክታር ከ6 ወይም 7 ኩንታል ብዙም ፈቀቅ ሳይል ኖሯል። በደንብ የተያዘ የተሻሻለ ዝርያ ከዚያ እጥፍ በላይ ይሰጣል። ሠላሳ ዓመት ሳይገረዝ የቆመ ዛፍ ቅጠል ነው የሚያበቅለው። በስም ብቻ ልጅ አይማርም።

የመቱ ልጅ፦
«ቁጥር ነው እንጂ ቡና አይደለም» ላልከው ሰውዬ፦ ያ ቁጥር የኛ ሰፈር ቡና ነው። የ74110፣ የ74112፣ የ74158 እናት ዛፍ የተገኘው ኢሉባቦር፣ መቱ፣ ቢሻሪ ነው። 74 የተመረጠበት ዓመት ነው፤ እ.ኤ.አ. 1974። ማንም ላቦራቶሪ ውስጥ አልፈጠረውም። የኛ ሲሆን ቁጥር፣ የናንተ ሲሆን ቡና?

የይርጋጨፌ ልጅ፦
እሺ፣ ቡና ይሁንልህ። ታዲያ መቱ ይተከላ! እኛ ጋ ምን ሊሠራ መጣ?

የመቱ ልጅ፦
እናንተው ወስዳችሁ ተከላችሁት እኮ! ጎረቤትህን ጠይቀው። ቁመቱ አጭር፣ ፍሬው ትንሽ ስለሆነ ኩሩሜ እያለ ሲሸጠው ታገኘዋለህ።

ሥራ ፈት፦
ፖፕኮርን ይዤ ተቀምጫለሁ። ይቅርታ፣ ፈንድሻ። የቡና ቁርስ ነው።

የቀድሞ ተመራማሪ፦
ልጆች፣ ጡረታ ወጥቻለሁና ማንንም ወክዬ አይደለም የምናገረው። ይህ ዝርያ ለምን እንደመጣ ረስታችሁታል። እ.ኤ.አ. በ1971 ሲቢዲ፣ የቡና ፍሬ በሽታ ማለት ነው፣ አገራችን ገባ። ኬንያ ውስጥ በ1922 የታወቀ በሽታ ነው። አረንጓዴው ፍሬ ላይ ጠቆር ያለ ጎድጓዳ ነጥብ ያወጣል፤ ከዚያ ፍሬው ጠቁሮ ደርቆ ይቀራል። ዝናብ በበዛበት ዓመት በሽታውን ያልቻለ ዛፍ አንድ ፍሬ ላይተርፈው ይችላል። ኬሚካል በየጊዜው መርጨት ደግሞ የገበሬው አቅም አልነበረም። መልኮ ያለው የጅማ የቡና ምርምር ጣቢያ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው፤ ገና ጨቅላ ሳለ ነው ይህ የደረሰበት። ስለዚህ ጫካ ተገባ። በሽታው አካባቢውን ሲጨርስ እየቆሙ የተረፉ ዛፎች ተፈለጉ። ፍሬያቸው ተለቅሞ እንደገና በበሽታው ተፈተነ። ቀዳሚው ጥያቄ ዛፉ ይተርፋል ወይ የሚል ነበር። 74ቶቹ የመጡት ከዚያ ነው።

የይርጋጨፌ ልጅ፦
ጋሼ፣ አክብሬዎት ነው የምመልሰው። ግን እርስዎ የሚነግሩን የሃምሳ ዓመት ታሪክ ነው። የአባቴ ወሊሾ ያን ሁሉ በሽታ አልፎ ዛሬም ቆሟል። እሱስ ተርፏል አይባልም? ከሱ ለምን ዘር አይወሰድም?

የቀድሞ ተመራማሪ፦
ተወስዷል እኮ! ይርጋለም አጠገብ ያለው የአዋዳ ምርምር ጣቢያ ከራሳችሁ አካባቢ ቡና መርጦ አንገፋ፣ ፋያቴ፣ ኦዲቻ፣ ኮቲ የሚባሉ ዝርያዎችን አውጥቷል። ለሲዳማና ለይርጋጨፌ ተብለው የተለቀቁ ናቸው።

የይርጋጨፌ ልጅ፦
ታዲያ ትናንት ስማቸውን የጠራ ሰው ለምን ጠፋ? ዲኤ፣ አንተ ስትሠራ አከፋፍለህ ታውቃለህ?

ዲኤ ነበርኩ፦
እውነቱን ልንገርህ፤ የሚላክልን የችግኝ ጣቢያው ያፈላው ነው። ጣቢያው ደግሞ ዘሩ በብዛት የተገኘውን ነው የሚያፈላው። ዕቅዱ «ይህን ያህል ችግኝ» ይላል፤ የትኛው ዝርያ እንደሆነ የሚጠይቅህ አለቃ የለም።

የይርጋጨፌ ልጅ፦
በቃ! «የተሻሻለ» ማለት የተገኘው ማለት ነው።

ባለ ግማሽ ሄክታር፦
እኔ የምፈራው ሌላ ነው። ይሄ ድቅል የሚባለው ዘሩ አይያዝም አሉ። በየዓመቱ ልንገዛ ነው?

የቀድሞ ተመራማሪ፦
አይደለም፣ ተደበላልቆብሃል። ድቅሎቹ እንደ አባ ቡና እና መልኮ ሲኤች2 ያሉት ናቸው። የነሱን ፍሬ ብትዘራ ልጁ እናቱን አይመስልም፤ ስለዚህ ዘሩ በእጅ እየተዳቀለ ነው የሚዘጋጀው። 74ቶቹ ግን ንጹሕ መስመር ናቸው፤ ልጁ እናቱን ይመስላል። የኛ ቡና፣ አረቢካ፣ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ጥሩ ዛፍ መርጠህ፣ ቀይ ፍሬ ለቅመህ ራስህ ማፍላት ትችላለህ።

የመቱ ልጅ፦
«ቁጥሩ» ልጅ ይወልዳል ማለት ነው። ቡና ሳይሆን አይቀርም!

ላኪው፦
ዝርያ ዝርያ እያላችሁ እርስ በርስ ትባላላችሁ። እኔ መጋዘን የሚገባው ቡና የሚበላሸው በዝርያ አይደለም። አረንጓዴና ቀይ ተደባልቆ ይለቀማል። ጆንያ ውስጥ ታፍኖ ያድራል። በለቀማችሁት ዕለት ካልተፈለፈለ እዚያው መብላላት ይጀምራል። ጀንፈሉን ደግሞ አልጋ ላይ ማስጣት ሲገባ ደጅ መሬት ላይ ይሰጡታል፤ ዶሮ ይሄድበታል። እርጥበቱ ወደ 11 ወይም 12 በመቶ ሳይወርድ ይከዘናል፣ ከዚያ ይሻግታል። መሬት ላይ ከደረቀ ወሊሾም 74110ም አፈር አፈር ነው የሚለው። ምርምሩ እዚህ ላይ ቢበረታ ይሻል ነበር።

ባለ ግማሽ ሄክታር፦
ጌታዬ፣ ቀይ ብቻ ለቅሞ መሸጥ ማን ጠላ? ሰብሳቢው ለቀዩም ለአረንጓዴውም ያው ዋጋ ነው የሚሰጠኝ። ሌባ ደግሞ እስኪቀላ አይጠብቅም። የልጆቹ ደብተርም አይጠብቅም።

ላኪው፦
እኔ ቀይ ብቻ ነው የምቀበለው። ጭማሪም እከፍላለሁ።

ባለ ግማሽ ሄክታር፦
አንተን መቼ አግኝቼህ? እኔ የማውቀው መንገድ ዳር ሚዛን ይዞ የሚቆመውን ልጅ ነው። ጭማሪህ እሱ ኪስ ውስጥ ቀርቷል።

የምሥራቋ፦
ኧረ እናንተስ የምትጣሉበት ቡና አላችሁ። ሐረርጌ ኑና እዩ። መቻራ ያለው ጣቢያ ሐሩሳ፣ ሞካ፣ ቡልቱም፣ መቻራ 1 የሚባሉ ለኛ የሚሆኑ ዝርያዎች አውጥቷል። እኔ ሰፈር ግን አንድ ችግኝ አላየሁም። ዝናቡ ሲቀር፣ ዋጋው ሲወርድ ሰው ቡናውን ነቅሎ ጫት ይተክላል። ጫት በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል፣ ብሩ ዕለቱን ነው። «ንቀሉ» የሚል ባለሙያ እንኳ አላስፈለገንም።

ሥራ ፈት፦
ጫት ቁጥር የለውማ! ለዚህ ነው የተወደደው።

የምሥራቋ፦
ቀልዱ እኔን አላሳቀኝም ወንድሜ።

ከሜሪላንድ፦
ከሩቅ ልግባ። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና የሚቆላ ጓደኛ አለኝ። ድሮ ከረጢቱ ላይ «የጥንት የኢትዮጵያ ዝርያ» ተብሎ በጅምላ ነበር የሚጻፈው። አሁን «74110፣ 74158» ብለው በትልቁ ይጽፉታል፤ ሰዉም ቁጥሩን እያየ ይገዛል። ጣዕሙ ከይርጋጨፌነቱ አልጎደለም።

የይርጋጨፌ ልጅ፦
ፈረንጅ ከወደደውማ ማን ይናገራል! ጌሻ የሚባለውን ቡናችንንም ወደውት አይደል? ከኛ ጫካ ወስደው ፓናማ ላይ ነገሡበት።

የቀድሞ ተመራማሪ፦
ያ ታሪክ ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከደቡብ ምዕራባችን ተለቀመ፣ በታንዛኒያ አልፎ ኮስታሪካ ደረሰ፣ ከዚያ ፓናማ። እ.ኤ.አ. በ2004 ጨረታ ላይ እስኪወጣ ድረስ ፈላጊ አልነበረውም።

ዲኤ ነበርኩ፦
ከጌሻ መማር ያለብን ሌላ ነው። ለብቻው ተተከለ፣ ለብቻው ተለቀመ፣ ለብቻው ተሸጠ። እኛ ምርት ገበያ በ2008 እ.ኤ.አ. ሥራ ከጀመረ በኋላ የመቶ ገበሬ ቡና በአካባቢና በደረጃ ቀላቅለን ስንሸጥ ኖርን። በ2017 እ.ኤ.አ. መመሪያው ተሻሽሎ ምንጩን ለይቶ መሸጥ እስኪፈቀድ ድረስ የአባትህ ወሊሾ ከጎረቤቱ 74110 ጋር አንድ ጆንያ ውስጥ ነበር። የትኛው እንደጣፈጠ በምን ታውቃለህ?

የይርጋጨፌ ልጅ፦
ምላስ የለንም እንዴ? እናቴ ሁለቱን ለይታ ትቆላለች። አፍልታ ታቅምስህ።

የመቱ ልጅ፦
እናትህ በምርምር ጣቢያ ትቀጠር።

የይርጋጨፌ ልጅ፦
እናቴን ተዋት! ስለ ቡና አውራ።

የቀድሞ ተመራማሪ፦
ተዉ ልጆች። የድሮው ዝርያ ይጠፋል የሚለው ሥጋት ተገቢ ነው፤ አላጣጥለውም። ግን ጮጬ ባለው የቡና ጂን ባንክ ከ5000 በላይ ናሙና ተተክሎ ይጠበቃል።

የይርጋጨፌ ልጅ፦
ጋሼ፣ እኔ ጮጬ ሄጄ ልጠጣ ነው? ጓሮዬ ላይ ይኑርልኝ ነው የምለው። ሁሉም ቀበሌ አንድ ዓይነት ተክሎ ነገ ሌላ በሽታ ቢመጣስ? ያኔ የሚተርፍ ዛፍ የት ጫካ ነው የምንፈልገው?

ዲኤ ነበርኩ፦
ይሄኛው ጥያቄ ያስኬዳል። መንቀል ግዴታ አይደለም እኮ። ጉንደላ አለ። ያረጀውን ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሳንቲሜትር ትቶ መቁረጥ ነው፤ ያው ዝርያህ እንደ አዲስ ያቆጠቁጣል።

ባለ ግማሽ ሄክታር፦
ከጉንደላ በኋላ ሁለት ዓመት ምርት የለም። ሁለቱን ዓመት ማን ያበላናል?

ዲኤ ነበርኩ፦
በየተራ ነው የሚቆረጠው። ዘንድሮ ሲሶውን፣ በሚቀጥለው ዓመት ሌላውን። መሐሉ ላይ ቦሎቄ ትዘራበታለህ።

ባለ ግማሽ ሄክታር፦
የግማሽ ሄክታር ሲሶ። ቦሎቄ ደግሞ የብድር ዕዳ ይከፍላል?

ላኪው፦
ማኅበራት ቢያበድሩ...

ባለ ግማሽ ሄክታር፦
«ቢ» የሚለውን ፊደል ስንሰማ ነው ያረጀነው ጌታዬ።

የመቱ ልጅ፦
የይርጋጨፌ ልጅ፣ «ቁጥር ነው» ያልከውን አሁንም አላነሣህም።

የይርጋጨፌ ልጅ፦
አላነሣም። አንገፋን ያምጡልኝና እንነጋገራለን።

የምሥራቋ፦
ጋሼ፣ የቡልቱም ዘር ያለው ሰው የሚያውቁ ከሆነ በውስጥ መስመር ይጻፉልኝ። እዚህ ጭቅጭቅ መሐል እንዳይጠፋብኝ።

ባለ ግማሽ ሄክታር፦
ለኔም የፋያቴን።