የንብ ሰም ሻማዬ መሃሉ ብቻ እየቀለጠ ጎደጎደ፤ ምን ይሻላል?

ማር ወዳዷ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከንጹሕ የንብ ሰም የተሠራ ወፍራም ሻማ አለኝ፤ ወርዱ 7፣ ቁመቱ 15 ሴንቲ ሜትር ነው። ማታ ማታ አንድ ሰዓት ያህል አበራውና አጠፋዋለሁ። አሁን መሃሉ ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ጎድጉዶ ዳሩ እንደ ግድግዳ ቆሞ ቀርቷል። ነበልባሉ አንሶ በቀለጠው ሰም ሊሰጥም ይደርሳል፤ እፍ ብዬ ሳጠፋው ደግሞ ክፍሉ ጭስ ጭስ ይላል። ሌላው፣ ገና ያልተለኮሱት ሻማዎች ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ወጥቶባቸዋል። ሻግተው ነው?

ነጭ ክር፦
እህቴ፣ ችግሩ ሰዓቱ ነው። የንብ ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ነው፤ ስለዚህ ሙቀቱ ከክሩ ተነስቶ ዳር እስኪደርስ ጊዜ ይፈልጋል። የተለመደው ልክ ለእያንዳንዱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ወርድ አንድ ሰዓት ነው። ያንቺ ሻማ እንግዲህ በአንድ ጊዜ ሦስት ሰዓት ያህል መንደድ አለበት። በአንድ ሰዓት ካጠፋሽው የሚቀልጠው መሃሉ ብቻ ነው፤ በማግስቱም ነበልባሉ ዝቅ ብሎ ስለሚጀምር ያንኑ ጉድጓድ ያጠልቀዋል። ጉድጓዱ ሲጠልቅ ደግሞ አየር እንደልብ አይገባም፣ ነበልባሉ ይብስ ያንሳል።

በተለይ የመጀመሪያው ቀን አይቸኮልበትም። የቀለጠው ክብ ከጠርዙ ከግማሽ እስከ አንድ ሴንቲ ሜትር ሲቀረው አጥፊው። ያቺ ቀጭን ዳር መቅረት አለባት፤ እሷም ከቀለጠች ሰሙ በጎን ይፈስሳል። ከአራት ሰዓት በላይ ግን አታቆይው። ማታ ማታ የምትፈልጊው የአንድ ሰዓት ብርሃን ብቻ ከሆነ፣ ወርዱ 2 ወይም 2.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቀጭን ሻማ ይሻልሻል፤ ወፍራሙን ረጅም ለምትቀመጪበት ምሽት አቆዪው።

የቀፎ ጎረቤት፦
የተጎዳውን ለማዳን፦ መጀመሪያ ሻማው ጠፍቶ ይቀዝቅዝ። ክሩ ሰም ውስጥ ከተቀበረ ዙሪያውን በፀጉር ማድረቂያ አሙቂና የቀለጠውን በሶፍት ምጠጪው፤ ክሩ ከሰሙ በላይ 6 ሚሊ ሜትር ያህል መውጣት አለበት። ከዚያ የሻማውን አፍ በአልሙኒየም ፎይል ከልይው። ፎይሉ ዳሩን ይሸፍን፣ መሃሉ ላይ ግን 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት ይተው። ሻማውን ስትለኩሺው ሙቀቱ ወደ ግድግዳው ስለሚመለስ ዳሩ ቀስ በቀስ ይቀልጣል። አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ እስኪያልቅ ከአጠገቡ አትራቂ፣ ፎይሉም ስለሚግል በእጅሽ አትንኪው።

ከዚያ በኋላ ሻማውን ባጠፋሽ ቁጥር ዳሩ ሳይጠነክር በጣትሽ ቀስ አድርገሽ ወደ ውስጥ ግፊው። የንብ ሰም ለብ ሲል እንደ ሊጥ ይታዘዛል፤ የታጠፈውም ዳር በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ነበልባሉ ቀርቦ ይቀልጣል።

ሰም አንጣሪ፦
ነጩ ነገር ሻጋታ አይደለም። ሰሙ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ሲቆይ በውስጡ ያሉ ለስላሳ ቅባቶች ወደ ላይ ይወጣሉ፤ የንብ ሰም ጠባይ ነው፣ አነዳዱንም አይጎዳም። ለማረጋገጥ አውራ ጣትሽን ጥቂት ጊዜ ጫን አድርገሽ ያዢበት፤ በእጅሽ ሙቀት ይጠፋና የሰሙ ወርቃማ መልክ ይታያል። ካልወደድሽው በለስላሳ ጨርቅ ጥረጊው፣ ወይም ፀጉር ማድረቂያውን በዝቅተኛ ሙቀት ከ20 ሴንቲ ሜትር ርቀት ለጥቂት ሰከንድ አሳልፊበት።

ጭሱን የሚያመጣው እፍ ማለትሽ ነው። ነበልባሉ ሲጠፋ ክሩ ገና ስለሚግል ሰሙን ማትነኑን ይቀጥላል፤ የምታዪው ጭስ ያ ያልተቃጠለ የሰም ተን ነው። በብረት ሽቦ ወይም በመቆንጠጫ የክሩን ጫፍ በቀለጠው ሰም ውስጥ ንከሪውና ወዲያው መልሰሽ ቀጥ አድርጊው። ጭስ የለም፣ ክሩም ሰም ጠጥቶ ስለሚያድር በማግስቱ ቶሎ ይያዛል።

እየነደደም የሚጨስ ከሆነ ክሩ ረዝሟል ማለት ነው። ሁልጊዜ ከመለኮስሽ በፊት፣ ሻማው ቀዝቃዛ ሳለ፣ ወደ 6 ሚሊ ሜትር ቁረጪው። ጫፉ ላይ እንደ እንጉዳይ ያበጠ ጥቁር ካለም አብሮ ይውጣ፤ ሰሙ ውስጥ ከወደቀ ራሱ እንደ ሁለተኛ ክር ሊነድ ይችላል። ክሩ አጭር ሆኖ ነበልባሉ የሚወዛወዝ ከሆነ ደግሞ ነፋስ ነው፤ ከመስኮትና ከበር አርቂው። በአንድ ጎን ብቻ የሚያንጠባጥብ ሻማም ብዙውን ጊዜ ነፋስ የሚያገኘው ነው።

ማር ወዳዷ፦
ተባረኩ። ፎይሉ ሠርቶልኛል፣ ዳሩ ተስተካከለ። ሁለት ነገር ልጨምር፦ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢያድር ቀስ ብሎ ይነዳል የሚባለው እውነት ነው? የተረፈውን ቁርጥራጭስ ራሴ ላቀልጠው እችላለሁ?

ነጭ ክር፦
ማቀዝቀዣውን ተዪው። የሚገኝ ጥቅም ካለም ኢምንት ነው፤ ሰሙ ግን በድንገት ሲቀዘቅዝ ሊሰነጠቅ ይችላል። ፀሐይ በማያገኘው ቀዝቀዝ ያለ መሳቢያ ውስጥ፣ በወረቀት ጠቅልለሽ አስቀምጪው። ቀጫጭኖቹን አጋድሚያቸው፤ ሙቀት ባለበት ቆመው ከከረሙ ይጎብጣሉ።

ሰም አንጣሪ፦
ማቅለጥ ይቻላል፣ ግን በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም። ቁርጥራጩን በአይዝጌ ብረት ጆግ አድርጊና ውኃ ባለው ድስት ውስጥ አስቀምጪው፤ ውኃው መንተክተክ የለበትም። ሰሙ ከ85 ዲግሪ ካለፈ መልኩ ይጠቁራል፣ ሽታውም ይበላሻል። ተራ ብረትና መዳብም ቀለሙን ስለሚቀይሩ አትጠቀሚባቸው። ሲቀልጥ በስስ ጨርቅ አጥልዪው። ድንገት እሳት ከያዘ ምድጃውን አጥፍተሽ ክደኚው፤ ውኃ በፍጹም እንዳትደፊበት፣ የሚነደውን ሰም ይረጨዋል። የተረፈውንም ወደ ቧንቧ አትድፊ፤ እዚያው ረግቶ ይዘጋዋል።

የቀፎ ጎረቤት፦
ለአዲሱ ሻማ ክር ስትመርጪ አራት ማዕዘን ተደርጎ የተጎነጎነ የጥጥ ክር ያዢ። ሲነድ ጫፉ ወደ ጎን ይጎነበሳል፤ ከነበልባሉ ዳር ወጥቶ አየር ስለሚያገኝ ራሱን እየበላ ይሄዳል። ለፓራፊን (ከነዳጅ ዘይት ለሚሠራው ተራ የሻማ ሰም) የተለካ ክር ግን አይበቃም፤ ቀልጦ የንብ ሰም ከፓራፊን ወፈር ስለሚል በክሩ ሽቅብ መውጣት ይከብደዋል። ስለዚህ ለተመሳሳይ ወርድ ወፈር ያለ የክር ቁጥር ያስፈልጋል። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ ሦስት ሰዓት አንድደሽ ዳሩ ሰፊ ሆኖ ከቀረ ክሩ ቀጥኗል፤ ክሩ በልኩ ተቆርጦ ነፋስም ሳይኖር ነበልባሉ ረዝሞ ከጨሰ ወፍሯል። አንድ ቁጥር ብቻ ቀይረሽ እንደገና ሞክሪ።