የምንጣፍ ማጠቢያ ማሽን ፊቲንግ ሲሞቅ ይረጫል፣ ጅማ ላይ ምን ላድርግ?

የጅማው አጣቢ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ጅማ ነው ያለሁት፣ ሚኒባስ ላይ የተጫነ ከአሜሪካ ያገለገለ ሆኖ የመጣ የምንጣፍ ማጠቢያ ማሽን አለኝ። ቤትም ሆቴልም እሰራለሁ ግን ትልቁ ስራዬ መስጊድ ነው፣ ረመዳን ሲቃረብ ምንጣፉ ሁሉ ይታጠባል። ችግሬ ከማሽኑ መውጫ ላይ ያለው፣ ሆዙን የሚያገናኘው የ1/4 ኢንች ናስ ፊቲንግ ነው፣ ተበልቶ ነበርና ሂርማታ መርካቶ ካሉት የቧንቧ እቃ ሱቆች 1/4 ብዬ ሌላ ገዛሁ፣ ሁለት ሦስት ዙር ሄዶ ከበደኝ፣ በቁልፍ አስገደድኩት፣ ቴፍሎን ደራረብኩበት፣ በቀዝቃዛ ውሃ ምንም አላለም፣ ውሃው ሞቆ ግፊቱ 400 ፒኤስአይ ሲደርስ ግን መጀመሪያ አንጠባጠበ ከዛ መርጨት ጀመረ። ትናንት ደንበኛ በር ላይ ቆመን ስንሰራ የፈላ ውሃ የልጃቸው እግር አጠገብ አረፈ፣ አልሀምዱሊላህ አልነካውም ግን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ትክክለኛውን ከየት ላምጣ?

የሆዝ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ፦
ወንድሜ መጀመሪያ ማሽኑን አቁመው። የገዛኸው ፊቲንግ ተበላሽቶ አይደለም፣ ጥርሱ ሌላ ነው። የአሜሪካ ማሽን ኤንፒቲ የሚባለውን ጥርስ ነው የሚጠቀመው፣ እኛ አገር ቧንቧ ሱቅ ያለው ደግሞ ቢኤስፒ ነው፣ ሁለቱም 1/4 ይባላሉ ግን የአሜሪካው በአንድ ኢንች 18 ጥርስ አለው የእኛው 19፣ የጥርሱ ማዕዘንም አንዱ 60 ዲግሪ ሌላው 55 ነው። ለዛ ነው ትንሽ ሄዶ የሚይዝህ፣ የያዘ ይመስላል እንጂ አልያዘም። ቴፍሎን ይሄን አይሞላልህም። የድሮውን ፊቲንግ ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን አድርገህ ጥርስ በጥርስ አግጥምና ብርሃን ላይ ያዘው፣ ካልገጠመ በመሀል ብርሃን ይታይሃል። ካሊፐር (የስፋት መለኪያ) ካለህ የውጪው ስፋት የአሜሪካው 13.7 ሚሊ አካባቢ ነው የእኛው 13.2።
ሌላው፣ 400 ፒኤስአይ ማለት ወደ 28 ባር ነው፣ የቤት ቧንቧ ፊቲንግ አብዛኛው ለ10 ወይ ለ16 ባር ነው የሚሰራው። ጥርሱ ቢገጥምም እንኳን ለዚህ ስራ አይሆንም።

ቶርኖ ቤት፦
እኔም ጅማ ነኝ፣ የቡና መፈልፈያ እቃ ነው በብዛት የምሰራው። ማሽኑ ላይ ያለው ሴቴ ጥርስ፣ ፊቲንጉ የሚገባበት ማለቴ ነው፣ በማስገደድ ካልተበላ በአንድ ወገን ኤንፒቲ በሌላው ቢኤስፒ የሆነ አስማሚ ከስቴንለስ ወይ ከወፍራም ናስ ይወጣል፣ ኤንፒቲው ሾጣጣ ነው፣ በ16 አንድ እየጠበበ የሚሄድ፣ ስለዚህ ቀጥ አድርጎ የሚያወጣልህ ሰው ጋ እንዳትሰጥ። ከዛ በኋላ ያለውን ሁሉ ከሃይድሮሊክ እቃ ሱቅ ማሟላት ትችላለህ። ሆዙን ግን ተጠንቀቅ፣ የሃይድሮሊክ ሆዝ ለዘይት ነው የተሰራው ለሞቀ ውሃ አይደለም፣ ላዩ ላይ የተጻፈውን ግፊትና ሙቀት ሳታነብ እንዳትገዛ። በክላምፕ የታሰረ ሆዝ ደግሞ በፍጹም፣ ጫፉ ላይ ያለው ብረት በማሽን ተጨፍልቆ ሆዙን መያዝ አለበት።

እህት ጽዳት፦
ወንድሜ እግዚአብሔር ነው ያተረፈህ፣ የልጁን ነገር ሳነብ ሰውነቴን ወረረኝ። እኔ አዲስ አበባ ይሄንኑ ስራ እሰራለሁ። ጠቅ ብሎ የሚገባው ማገናኛ ላይ ወንዱንና ሴቴውን አንድ ላይ ቀይር፣ የተለያየ ካምፓኒ ከሆነ የገባ ይመስላል ግን በደንብ አይቆልፍም። ውስጡ ያለው ኦሪንግ (የጎማ ቀለበቱ) ተራው ጥቁር ከሆነ ሙቅ ውሃ ያደርቀዋል ይሰነጣጥቀዋል፣ ሙቅ ውሃ የሚችለውን ኢፒዲኤም የሚባለውን ጎማ ጠይቅ፣ ግን ግራሶ እንዳትቀባው ያብጣል፣ ሲሊኮን ቅባት ብቻ። ሌላው ስትፈታ ማሽኑን አጥፍተህ ምንጣፉ ላይ የምትረጭበትን ዘንግ መያዣ ጨምቀህ ግፊቱን አስወጣ፣ ከዛ ፍታ። የሚረጨው ከየት እንደሆነ በእጅ አትፈልግ፣ ካርቶን አስጠጋ፣ ቀጭን ውሃ በዛ ግፊት ቆዳ ይበሳል።

የጅማው አጣቢ፦
አላህ ይስጥልኝ። ብርሃን ላይ ይዤ አየሁት፣ አልገጠመም፣ በካሊፐርም 13.7 ነው የድሮው። የማሽኑ ጥርስ ሁለቱ ከጫፉ ተበልተዋል ግን ውስጡ ደህና ይመስላል። ቶርኖ ቤት ወንድሜ ነገ ጠዋት የድሮውን ፊቲንግ ይዤ ልምጣ? የመስጊዱን ሰዎች አንድ ሳምንት ይታገሱኝ ብያቸዋለሁ።

ቶርኖ ቤት፦
ና፣ ማሽኑንም ይዘህ ና፣ ሴቴውን ሳላየው አልቆርጥልህም።