ደሴ ላይ ፓስካል ለሚጀምር፦ ማን ጋር ይጫን? የትኛውስ ይሻላል?

ከሆጤ፦
ሰላም ናችሁ ወገን። እህቴ ፓስካል የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ጀምራለች። ኪው እስኪገባለት ድረስ ፊደል እየተቀበለ መልሶ የሚያሳይ ሉፕ (እየዞረ የሚደጋገም ኮድ) ጻፈች። አንድ ኤ ጽፋ ኤንተር ስትጫን ግን «ያስገባሽው ፊደል» የሚለው ሦስት ጊዜ ይወጣል። ሁለቱ ባዶ ናቸው። ፒያሳ አንድ ሱቅ ብወስደው «ቫይረስ ነው፣ ፎርማት ይደረግ» አሉኝ። ላፕቶፑ እዚያው ነው ያለው። የሚታመን ቤት ጠቁሙኝ።

ከቧንቧ ውሃ፦
ኧረ ወንድሜ፣ ሮጠህ አውጣው! ቫይረስ የለም።

ፊደሉን የሚያነበው ሪድ የሚባለው ትእዛዝ በአንድ ዙር የሚያነሳው አንድ ምልክት ብቻ ነው። ዊንዶውስ ላይ ኤንተር ስትጫን ደግሞ ቁጥራቸው 13 እና 10 የሆኑ ሁለት የማይታዩ ምልክቶች ከፊደሉ ኋላ ይሰለፋሉ። ሉፑ በዞረ ቁጥር እነሱንም ይለቅማቸዋል። ኤ፣ 13፣ 10፤ ይኸው ሦስት። ሪድን በሪድላይን ትቀይረው። እሱ የመጀመሪያውን ፊደል ይወስድና የመስመሩን ትራፊ በሙሉ ይጥላል። ስሟን ሙሉውን ብትጽፍ እንኳ የሚቀረው የመጀመሪያው ፊደል ነው።

ስለ መጫኑ፦ ብዙ ሱቅ በፍላሽ የሚሰጥህ ቱርቦ ፓስካል 7ን ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣ፣ ዶስ ለሚባለው የድሮ ሲስተም የተሠራ ፕሮግራም ነው። 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ የዶስ ፕሮግራም የሚያስኬደው ዶስቦክስ ከሌለ አይከፈትም። ፈጣን ማሽን ላይ ደግሞ ሲአርቲ የሚባለውን የስክሪንና የኪቦርድ ዩኒት (የተዘጋጀ የትእዛዝ ጥቅል) ስትጠራ «ስህተት 200» ብሎ ይወድቃል። ማሽኑ ስለፈጠነበት! ፍሪ ፓስካል ይሻላታል፤ ነፃ ነው፣ ዛሬ ባሉት ዊንዶውስና ሊኑክስ ላይ ይሠራል። ለጫኝ ከሁለት ማኪያቶ ዋጋ በላይ አትክፈል። ላዛረስ አሁን አያስፈልጋትም፣ እሱ መስኮትና ቁልፍ ለመሥራት ነው። ኢንተርኔት ቤት ከሠራች ፋይሏን በፍላሽ ይዛ ትውጣ።

ከኮምቦልቻ፦
ትክክል ነው፣ ግን ጌም ልትሠራ ካሰበች ሪድላይን ያንገሸግሻታል። ሪድኪ የሚባለው ትእዛዝ ኤንተር አይጠብቅም፤ ሲአርቲ የሚባለውን ዩኒት መጥራት ብቻ ነው። የተጫነው ፊደል ግን ስክሪን ላይ አይወጣም፣ ራሷ በራይት ማሳየት አለባት። የቀስት ቁልፎች መጀመሪያ 0 ይልካሉ፣ ማንነታቸው በሁለተኛው ንባብ ነው የሚመጣው። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ሌሊት ሙሉ የሠራሁት የእባብ ጌም ላይ እባቤ ወደ ግራ አልዞርም ብላኝ አድሬያለሁ።

ሌላ፣ በአማርኛ እንዳትሞክረው። ኡቡንቱ ላይ «ሀ» ብዬ ብጽፍ ሉፑ 225፣ 136፣ 128 አለኝ። ቻር (ፊደሉ የሚቀመጥበት ዓይነት) አንድ ባይት ነው የሚይዘው፣ የኛ ፊደል ደግሞ ሦስት ባይት ይፈጃል።

መብራት ሲጠፋ የስልክ ፓስካል አፕም ክፉ አይደለም። ለአጭር ሉፕ ይበቃል፤ ረጅም ኮድ ላይ ግን ሴሚኮሎን ፍለጋ ጣት ያልቃል።

ከሆጤ፦
ተባረኩ። ላፕቶፑን ሳይነካ ደረስኩበት። ሪድላይን አደረገችው፣ አንዴ ብቻ መለሰላት። ከመቸኮሌ የተነሳ ቻርጀሩን ሱቁ ውስጥ ረስቼዋለሁ፤ አሁን ተመልሼ በምን ዓይኔ ላያቸው ነው?