ሰዓቴ ዳገት ላይ 118፣ ቁልቁለት ላይ 172 ይለኛል፤ የትኛውን ልመን?

የሄርማታው (ጠያቂ)፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የምኖረው ጅማ ነው፣ ዕድሜዬ 34። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ስለምውል ክብደት ጨመርኩና ከሦስት ወር ወዲህ በሳምንት አራት ቀን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከሄርማታ ተነስቼ ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በሚወስደው ዳገት እሮጣለሁ። በቅርቡ ወንድሜ የልብ ምት የሚለካ ሰዓት ላከልኝ። ዳገቱን ስወጣ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ሰዓቱ 118 ይላል። ስመለስ ደግሞ ቁልቁለቱን በሶምሶማ፣ ከጓደኛዬ ጋር እያወራሁ 172 ይገባል፤ ቀይ ሆኖ ክንዴ ላይ ይንቀጠቀጣል። ትናንት ደንግጬ መንገድ ዳር ቁጭ አልኩ። ባለቤቴም ሩጫውን ተው እያለችኝ ነው። ችግሩ ልቤ ነው ወይስ ሰዓቱ?

ሯጭ ከአጂፕ፦
ወንድሜ፣ እያወራህ እየሮጥክ 172 ማለት አይመስለኝም። ሰዓቱ ከሥሩ አረንጓዴ መብራት አለው አይደል? መብራቱ ቆዳህን አልፎ ደም በመጣ በሄደ ቁጥር የሚለዋወጠውን ብርሃን ነው የሚቆጥረው። ማሰሪያው ላላ ካለ ሰዓቱ በእርምጃህ ልክ ይዘላል፤ ያኔ ልብህን ትቶ እግርህን ይቆጥራል። እኔንም አንድ ክረምት ሙሉ አሳስቶኛል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ቁልቁለቱ ላይ ቀኝ እግርህ መሬት በነካ ቁጥር ለ30 ሰከንድ ቁጠርና በ4 አባዛው። የሰዓቱን ቁጥር ከሰጠህ እየቆጠረ ያለው እግርህን ነው።

የዳገቱ 118 ደግሞ ከብርዱ ሊሆን ይችላል። የጠዋት ቅዝቃዜ የእጅን የደም ሥር ያጠብባል፣ ሰዓቱም የሚያነበው ያጣል። ከቤት ሳትወጣ ትንሽ አሟሙቅ። ሰዓቱን ከእጅህ አንጓ አጥንት ሁለት ጣት ያህል ወደ ክርንህ ከፍ አድርገህ ጠበቅ አድርገው፤ ስትጨርስ ታላላዋለህ።

ነርሷ፦
በማሽን ከመከራከር በፊት በጣት መለካት ይሻላል። ቆም እንዳልክ ወዲያው ሁለት ጣትህን አንገትህ ላይ፣ ከጉሮሮህ ጎን በአንድ በኩል ብቻ በቀስታ አሳርፍ። 15 ሰከንድ ቁጠርና በ4 አባዛ። አትዘግይ፣ ምቱ ቶሎ ይወርዳል።

አንድ ነገር ግን ከልቤ ልንገርህ። ደረትህን ከተጫነህ፣ ካዞረህ፣ ወይም አርፈህም ምቱ አልወርድ ካለ ሰዓቱን ተወውና ሐኪም ቤት ሂድ። የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስድ ከሆነም ንገረን፤ አንዳንዱ ምትን ስለሚቀንስ ስሌቱ ሁሉ ይለወጣል። ጫትም ምትን ይጨምራል። በቃመ ማግስት፣ ያለ እንቅልፍ ዳገት መውጣት አልመክርም።

የቡና ልጅ፦
ሰዓቱን ስትሞላ የትውልድ ዘመንህን በየትኛው አቆጣጠር አስገባህ? ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

የሄርማታው፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ዛሬ ሁሉንም ሞከርኩ። ቁልቁለቱ ላይ ማሰሪያውን እንደ ድሮው አላልቼ ቀኝ እግሬን ቆጠርኩ፦ በ30 ሰከንድ 43፣ ማለትም 172! ቆሜ አንገቴን ስለካ በ15 ሰከንድ 33፣ ማለትም 132። ከፍ አድርጌ ሳጠብቀው ሰዓቱም 134 አለ። ዳገቱ ላይ ደግሞ 158። መድኃኒት አልወስድም፣ አልቅምም።

የትውልድ ዘመኔን በእኛው 1983 ብዬ ነበር የሞላሁት።

የቡና ልጅ፦
በቃ ሰዓቱ 42 ዓመት አድርጎሃል። ሰዓቶች ብዙ ጊዜ ከፍተኛውን ምት የሚገምቱት ከ220 ዕድሜን በመቀነስ ነው። በ42 ዓመት 178 ይሆናል፤ 172 ሲያይ ጣሪያው ላይ የደረስክ መስሎት ነው የሚንቀጠቀጠው። በትክክለኛው ዕድሜህ 186 ነው። ይሄም ግምት ነው እንጂ የአንተ ልክ አይደለም፣ በ10 ምትና ከዚያም በላይ ሊዛነፍ ይችላል። ጠዋት ከአልጋ ሳትነሳ፣ ቡና ሳትቀምስ ምትህ ስንት ነው?

የሄርማታው፦
ሦስት ቀን ለክቼ 62 ነው። ባለቤቴ ናት በጣቷ የቆጠረችልኝ።

የቡና ልጅ፦
እንግዲያው 186 ሲቀነስ 62፣ 124 ነው። የ124ን 60 በመቶ ወስደህ 62 ደምርበት፣ 136 ይመጣል፤ በ70 በመቶ ደግሞ 149። አብዛኛውን ሩጫህን በእነዚህ መካከል አድርገው። ጅሬን ላይ 158 ሲገባ በእግርህ ተራመድ፣ ሲወርድልህ ሶምሶማህን ቀጥል። መጀመሪያ ግን ዛሬውኑ ዘመኑን በፈረንጅ አቆጣጠር አስተካክለው።