ጥቆማ፦ ከቱሉ ዲምቱ ወደ ዝዋይ የወይን እርሻ፣ በየትኛው መኪና? የትኛውንስ ጠርሙስ?

ጥያቄ፦
መኖሪያችን ቱሉ ዲምቱ ነው። እህቴና ባለቤቷ በሚቀጥለው ወር ከውጭ ይመጣሉ። አምና በደቡብ ፈረንሳይ፣ በሜዲትራኒያን ባሕር ዳር ባለው የወይን አገር፣ ተሳቢ ቤት እየጎተቱ መንደር ለመንደር ዞረው ነበር። አሁን «እናንተ ዘንድስ እንዲህ ያለ የለም?» ይሉኛል። ባሕሩ ቢቀር ሐይቅና ወይን ዝዋይ አለ ብያቸዋለሁ። እናቴን ጨምሮ ስድስት ነን። መኪና ከየት እንከራይ? ከነሹፌሩ ነው ወይስ ያለ ሹፌር? ከወይኑስ የቱን ላስቀምሳቸው?

መልስ፦
ተሳቢ ቤቱን ይርሱት። በእኛ ሰፈር «ተሳቢ እፈልጋለሁ» ቢሉ የሚመጣልዎት ሲሚንቶ የሚጭነው ነው።

ሁለቱንም ዓይነት ኪራይ ሞክሬአለሁ። መጀመሪያ ራሴ የምነዳት ቪትዝ ነበረች፤ ዋጋዋ ረከስ ያለ፣ አከራዩም አፈ ቅቤ። በአሮጌው መንገድ መቂን እንዳለፍን የኋላ ጎማዋ ተነፈሰ። ትርፍ ጎማውን አውጥቼ በአውራ ጣቴ ብጫነው እንደ ሊጥ ሰረጎደ። ክሪክ አለ፣ ማዞሪያው የለም። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ክሪኩን አውሶኝ፣ ጎማው በባጃጅ ጎሚስታ ዘንድ ሄዶ እስኪመለስ ሁለት ሰዓት በፀሐይ ተጠበስን። ስደርስ ደግሞ ሌላው ሲቀምስ እኔ ውሃ ስጠጣ ዋልሁ፤ የሚነዳ ሰው አይቀምስማ። ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፦ ለወይን ጉዞ ከመኪናው በፊት ሹፌሩን ይምረጡ።

ለስድስት ሰው ሁለት ትንንሽ መኪና ከመያዝ አንድ ሃይሩፍ ይሻላል። ለእናትዎም መውጫና መውረጃው ይመቻል፤ የሚያስፈልግዎትም አንድ ሹፌር ብቻ ነው። ቦሌ አካባቢ ያሉት አከራዮች መኪናቸው የጸዳ፣ ውላቸውም የተሟላ ነው፤ ነገር ግን መኪናው ከተማውን አቋርጦ እርስዎ ዘንድ እስኪደርስ ጠዋቱ ያልፋል፤ ብዙዎቹም ቀኑን የሚቆጥሩት ከግቢያቸው ከወጣበት ሰዓት ጀምረው ነው። የአዳማ ፈጣን መንገድ መግቢያ ከደጃፍዎ ሆኖ ሳለ ይህ ኪሳራ ነው። እኔ በሁለተኛው ጉዞ ከቃሊቲ ነው የያዝሁት፤ ወንበሩ ትንሽ ያረጀ ቢሆንም ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በር ላይ ቆሞ ነበር።

ቀብድ ከመስጠትዎ በፊት ሊብሬውን፣ የዘመኑን ቦሎና ኢንሹራንሱን ይዩ። የሦስተኛ ወገን ብቻ ከሆነ መኪናው ላይ የሚደርሰው ጉዳት በማን እንደሚሸፈን በውሉ ይጻፍ። የሹፌሩ አበልና ማደሪያ፣ ነዳጁ፣ የፈጣን መንገዱ ክፍያም እንዲሁ። ዋጋ አልጠቅስም፤ ነዳጅ በጨመረ ቁጥር ይለወጣል።

መንገዱ ወደ 160 ኪሎ ሜትር ነው። ሞጆ ላይ ወደ ባቱ (ዝዋይ ማለት ነው) በሚወስደው ፈጣን መንገድ ይታጠፉ። የወይኑ እርሻ፣ ካስቴል የሚባለው፣ ፋብሪካም ያለው የሥራ ቦታ እንጂ መናፈሻ አይደለምና ሳይደውሉ በሩ ላይ እንዳይቆሙ።

ሌላ መልስ፦
ስለ መኪናው የተባለው ልክ ነው፤ እኔ ስለ ጠርሙሱ ልጨምር። ለእንግዶችዎ የካስቴልን ወይን፣ ሪፍት ቫሊን፣ ይክፈቱ። ሜርሎውም፣ ሲራሁም፣ ሻርዶኔውም እዚያው ዝዋይ በተተከለው ወይን የሚጠመቅ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2007 ተተክሎ የመጀመሪያው ጠርሙስ በ2014 ለገበያ ወጣ። ባለቤቱ የፈረንሳይ ኩባንያ ስለሆነ አማችዎ ወሬ አያጣም። ጉማሬና ጅብ እንዳይገባ በእርሻው ዙሪያ ቦይ መቆፈሩን ከነገሩት ግን የደቡብ ፈረንሳይ ጨዋታው ያበቃለታል።

እናትዎ ጠጅ የለመዱ ከሆነ ደረቅ ወይን አፋቸው ላይ ይጎመዝዛል። ለእሳቸው ከዚያው ፋብሪካ ለስለስ ያለ ጣፋጭ አካሺያ፣ ወይም የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ አክሱሚት ይሁን። አክሱሚትን «ሽሮፕ ነው» የሚሉ አሉ፤ እኔ ከዳቦ ጋር እወደዋለሁ። ጉደርን ግን ለዚህ ጉዞ አልመርጠውም፤ እሱ የቤት ነው፣ በለስላሳ በርዘን ያደግንበት። ጠርሙሶቹን መኪና ውስጥ ትታችሁ ምሳ አትግቡ። የዝዋይ ቀትር ያፈላቸዋል፤ በረዶ የሚይዝ ሣጥን ያዙ።

ምሳ ሐይቁ ዳር ቆሮሶ ዓሣ በሙሉው፣ ጎኑ በቢላዋ ተሸንትሮ፣ ተጠብሶ፣ ከዳጣ ጋር። (ጾም ከሆነ ዓሣ ይበላል አይበላም በሚለው አልገባም።) አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ከጎናችሁ ቆመው አጥንቱን ይጠብቃሉ። ጊዜ ካላችሁ ያድሩና በማግስቱ በጀልባ ወደ ቱሉ ጉዶ ደሴት ይሻገሩ። በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ተሸሽጋበት ነበር የሚባለው የደብረ ጽዮን ገዳም ያለው እዚያ ነው፤ የዛይ ሰዎች ሀገርም ነው። ለጀልባው ተንሳፋፊ ሰደርያ መኖሩን ሳያዩ አይሳፈሩ።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። ከቃሊቲ አንድ ሃይሩፍ ይዣለሁ። ትርፍ ጎማውን አስወርጄ ሁለት ጊዜ ረገጥሁት፤ ሹፌሩ ሳቀብኝ። እናቴ ስለ ወይኑ ምንም አላለችም፤ የጠየቀችው ገዳሙ ጠበል እንዳለው ነው። የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ።